የመንዝ ደጋና የአቴና መድረክ

ከደብረ ብርሃን ወደ ሰሜን ሲጓዙ ጣርማ በር ላይ መንገዱ ሁለት ይሆናል። ዋናው አስፋልት ጣሊያኖች በበሱት ዋሻ ሾልኮ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል። ሌላው ወደ ግራ ታጥፎ በመዘዞና በሞላሌ አድርጎ መሐል ሜዳ ይገባል። ይህ ቅኝት የሚከተለው የግራውን ነው፤ የሚፈልገውም ቲያትርን ነው።

መንዝ ሲነሣ ቶሎ የሚታወሰው በጉና በርኖሱ፣ ጓሳውና ጭላዳው፣ ከአጋንቻ የተነሣው የነጋሢ ክርስቶስ ዘር ነው። ይህ ማማ፣ ላሎና ጌራ ተብሎ በሦስት የተከፈለ ደጋም ሆነ አጎራባቾቹ በጸሐፌ ተውኔት አገርነት ሲጠሩ አይሰማም። መጠራት ግን ነበረባቸው። የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት የጻፉት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የተወለዱት ሰያ ደብር ነው። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር ሲመረቅ ተውኔታቸው የታየላቸው ራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው የተጉለት ሰው ናቸው። ሐኒባልን የጻፉት ከበደ ሚካኤል ደግሞ በ1909 ዓ.ም. እዚሁ መንዝ ውስጥ፣ ገርም ገብርኤል ተወለዱ። ሦስቱም ከሰሜን ሸዋ ናቸው።

ይህ እንዲያው የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም። ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት በፊት አቴና ላይ ቲያትር ሲወለድ ከምን ከምን እንደተሠራ ላወቀ ሰው፣ በዚህ ደጋ ያ ሁሉ ጥሬ ዕቃ በየደጁ ተቀምጦ ይታየዋል።

ከአውድማው እንጀምር። ከሞላሌ እስከ መሐል ሜዳ ያለው ምድር የገብስ አገር ነው። አዝመራው ሲሰበሰብ ገበሬው ነፋስ የሚያገኘው ቦታ መርጦ ክብ አውድማ ያበጃል፤ መሬቱን ደልድሎ፣ በእበት ለቅልቆ ያደርቀዋል። ነዶው ይበተንበታል፣ በሬዎቹ ይዞሩበታል። ከኋላቸው የሚነዳው ሰው ያንጎራጉራል፤ በመንሽ የሚያነሣው፣ በላይዳ የሚያዘራው ይቀበለዋል። ጥንት አቴናውያንም የዘማሪዎቹ ጓድ እየዞረ የሚዘምርበትንና የሚጨፍርበትን ሜዳ ኦርኬስትራ ይሉት ነበር፤ ከሊቃውንቱ መካከል መነሻው የገበሬ አውድማ ነው የሚሉ አሉ። ዝነኛው የዲዮኒሶስ ቲያትር የሚገኘው በአክሮፖሊስ አምባ ደቡባዊ ተዳፋት ላይ ነው። ተመልካቹ ዳገቱ ላይ ይቀመጣል፣ ጨዋታው ከታች ሜዳው ላይ ይካሄዳል። ጣሪያ የለውም፤ የድንጋይ መቀመጫው እንኳ ተሠርቶ ያለቀው ታላላቆቹ ደራስያን ከሞቱ በኋላ ነው።

በመጀመሪያ የነበረው ኮሮስ የሚባለው የዘማሪዎች ጓድ ብቻ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ534 ገደማ (ከዚህ በኋላ የማነሣቸው የግሪክ ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ከልደት በፊት ናቸው) ቴስፒስ የሚባል ሰው ከጓዱ ተነጥሎ፣ ጭንብል አድርጎ፣ የሌላን ሰው ቃል እንደ ራሱ አድርጎ ተናገረ ይባላል። የመጀመሪያው ተዋናይ እሱ ነው። ኤስኪለስ ሁለተኛ ተዋናይ ጨመረ፤ አሁን ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው መከራከር ቻሉ። ሶፎክለስ ሦስተኛውን አመጣ። ከዚያ ወዲያ ንጉሡንም ንግሥቲቱንም፣ መልእክተኛውንም አምላኩንም እነዚያው ሦስት ወንዶች ጭንብል እየቀያየሩ ይጫወቷቸዋል። ሴት መድረክ አትወጣም ነበር። በእኛም አገር ዘመናዊው ቲያትር ሲጀመር ቀሚስ ለብሰው የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ያንን ካስቀሩት ከመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋንያን አንዷ አስናቀች ወርቁ ናት።

ኮሮስ ምን እንደሆነ ለመንዝ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ያልገባው ካለ የታወቀ ሰው ሲሞት ወደ ለቅሶው ይሂድ። የሟቹ ፈረስ በሙሉ ዕቃው ተጭኖ ይወጣል፣ ጠመንጃው አፈሙዙ ተዘቅዝቆ ይያዛል፣ ካባውና ጎራዴው ለሕዝብ ይታያል። አልቃሿ መሐል ትቆምና ግጥሙን ታወርዳለች፤ የሟቹን ውሎ፣ ዘሩን፣ ጀግንነቱን፣ አንዳንዴም ያላደረገውንና ማድረግ የነበረበትን ትናገራለች። በዙሪያዋ ያለው ሰው ደረቱን እየመታ ይቀበላታል። አንዲት ሴት ከጓዱ ተነጥላ የሟቹን ሚስት ወይም እናት ሆና የምትናገርበት ጊዜ አለ፤ ቴስፒስ ያደረገው ይህንኑ ነው። የኤስኪለስ ፋርሳውያን የተባለው ተውኔት በ472 ሲታይ መዝጊያው ሙሾ ነበር። የተሸነፈው የፋርስ ንጉሥ ልብሱ ተቀዶ ይገባል፣ ያወርዳል፤ ሽማግሌዎቹ ይቀበሉታል፤ ደረታቸውን እንዲመቱ፣ ጢማቸውን እንዲነጩ ያዛቸዋል። ያንን ትዕይንት መሐል ሜዳ ላይ ቢያዩት አስተርጓሚ የሚፈልግ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ሙግቱም አለ። አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን መንዝ ተቀምጦ ያጠናውን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1965 ሰምና ወርቅ የተባለውን መጽሐፍ ሲያሳትም ስለ መንዜ ሙግት ወዳድነት ጽፏል። ርስት በአባትም በእናትም ወገን በሚቆጠርበት አገር ከሳሽና ተከሳሽ መቼም አይጠፋም። የጥንቱ የበላ ልበልሃ ሙግት ከዛፍ ሥር ሲካሄድ ከሳሹ ኩታውን አደግድጎ፣ ዘንጉን ይዞ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይወጣል። ክሱን ከመንካቱ በፊት በግጥም ይከፍታል፤ ዳኛውን ያወድሳል፣ ባላጋራውን በአሽሙር ይወጋል። ተከሳሹም ያንኑ ምት ጠብቆ ይመልሳል። መንገደኛው ሳይቀር ቆሞ ይሰማል፣ ፍርዱን ስጥ ሲባልም ይሰጣል። ግሪኮቹ በተውኔታቸው መሐል ሁለት ሰዎች ንግግር ለንግግር የሚገጥሙበትን ክፍል አጎን ይሉታል፤ የተማሩትም ከራሳቸው ፍርድ ቤት ነው። አሪስቶፋኒስ በ422 ተርቦች የተባለውን ኮሜዲ የጻፈው ችሎት ካልዋለ ቀኑ የማይመሽለትን የአቴና ሽማግሌ ለመተቸት ነበር። ያ ሽማግሌ መንዝ ቢመጣ ጓደኛ አያጣም።

ከሁሉ በላይ ግን ለዚህ ምድር ቅርብ ሆኖ የሚሰማኝ በ458 የታየው የኤስኪለስ ኦሬስቴያ ነው። ሦስት ተከታታይ ተውኔት ነው። ንጉሡ አጋሜምኖን ከትሮይ ጦርነት ድል አድርጎ ሲመለስ ሚስቱ ትገድለዋለች። ልጁ ኦሬስቴስ የአባቱን ደም ለመመለስ እናቱን ይገድላል። ከዚያ የደም አጋንንት ያሳድዱታል። በመጨረሻው ክፍል ነገሩ አቴና ላይ ለዳኞች ይቀርባል፤ ድምፁ እኩል ለእኩል ይሆናል፤ እንስት አምላኳ አቴና ለተከሳሹ ትፈርዳለች፣ የደም አጋንንቱንም ለምና፣ ክብር ሰጥታ፣ በአገሩ ታስቀምጣቸዋለች። ደም በደም የሚመለስበት ሥርዓት በችሎትና በዕርቅ ሲተካ የሚያሳይ ተውኔት ነው። የዚህ ደጋ ሽማግሌዎች በሁለት ደመኛ ቤተሰብ መካከል ገብተው፣ ካሳ አስቆርጠው፣ ማሩልን ታረቁልን ሲሉ የኖሩት ሥራ ይኸው ነው። የተበዳዩን ወገን ክብር ሳይነኩ ማስታረቅ እንዴት ከባድ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የአቴናን የልመና ንግግር ከማንም በላይ ይረዳዋል።

ከመሐል ሜዳ ወደ ግሼ የሚወስደው መንገድ የጓሳን ሜዳ ያቋርጣል። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይበልጣል፤ ሕዝቡ ቄሮ በሚባለው ባህላዊ የጥበቃ ሥርዓት ለመቶዎች ዓመታት ሣሩን ጠብቆ ያቆየው፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ያለበት ነው። ብዙ የተጻፈለት ስለሆነ አልፈዋለሁ። ግሼ ራቤል ሲደርሱ መሬቱ ገደል ላይ ያልቃል።

ስለ መንዝ ገደል ሲነሣ ግን ዝም ተብሎ የማይታለፍ ዋሻ አለ። ዘረት አጠገብ ያለው ይህ ዋሻ አመጸኛ ዋሻ ይባላል። በ1931 ዓ.ም. የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች በዚህ አካባቢ ሲዋጉ ቁስለኞቻቸው፣ ሴቶቹ፣ ሕፃናቱና ሽማግሌዎቹ ከተወሰኑ ተዋጊዎች ጋር እዚያ ተጠግተው ነበር። በሚያዝያ መጀመሪያ የጣሊያን ጦር ዋሻውን ከበበ። በመትረየስና በመድፍ አልሆን ሲለው የመርዝ ጋዝ ተጠቀመ። ጥቂቶች ከመሪያቸው ከተሾመ ሽንቁጥ ጋር በሌሊት ሾልከው አመለጡ። የተቀሩት እጃቸውን ሰጡ፤ 800 ያህል የሚሆኑት በጥይት ተረሸኑ። ይህንን ከጣሊያን ጦር ሰነዶች ውስጥ አውጥቶ ለዓለም ያስነበበው ጣሊያናዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ ነው። በኋላ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ዋሻውን ሲያጠኑ የሰዎቹን አጥንትና የዕለት ኑሯቸውን ዕቃ እዚያው አግኝተዋል።

ዩሪፒደስ በ415 የትሮይ ሴቶች የተባለውን ተውኔት ለአቴናውያን ሲያቀርብ ከጥቂት ወራት በፊት የገዛ ከተማው ጦር ሜሎስ የምትባል ደሴት ይዞ ወንዶቹን ፈጅቶ፣ ሴቶቹንና ሕፃናቱን ለባርነት ሸጦ ነበር። ተውኔቱ ጦርነት አያሳይም። ጦርነቱ አልቋል፤ ከተማዋ ትጨሳለች፤ የተማረኩት ሴቶች ለማን እንደተመደቡ ለመስማት ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። መልእክተኛው አንዴ ይገባና የአንዷን ዕጣ ይነግራል፤ ሌላ ጊዜ ተመልሶ አንድ ሕፃን ከግንብ እንደሚወረወር ይነግራል። አያቲቱ የልጁን ሬሳ በአባቱ ጋሻ ላይ አድርጋ ትገንዛለች። ዩሪፒደስ ለአሸናፊዎቹ ያሳየው የተሸነፉትን ሰዎች ሐዘን ነው፤ ያን ዓመት የተሰጠውም ሁለተኛ ሽልማት ነው። የዘረት ታሪክ በዚህ ስፋት የሚጽፈው ሰው ይፈልጋል። ዋሻው ውስጥ ባለችው እናት ዐይን፣ ሌሊቱ እስኪነጋ ባለው ጊዜ ብቻ የሚጻፍ አንድ ተውኔት ከብዙ የጦር ታሪክ የበለጠ ይናገራል ብዬ አምናለሁ።

ከበደ ሚካኤልን በዚህ መንፈስ ነው ማንበብ የሚገባን። ጣሊያን በወጣ በአምስት ዓመቱ፣ በ1938 ዓ.ም.፣ የትንቢት ቀጠሮን አወጡ። በ1948 ደግሞ ሐኒባል ታተመ። አፍሪካዊው የካርታጎ ጦር አዛዥ ዝሆኖቹን ይዞ የአልፕስን ተራራ ተሻግሮ ሮማን ያንቀጠቀጠ፣ በገዛ ወገኖቹ ተስፋ የተቆረጠበት፣ በመጨረሻም ለሮማውያን ላለመማረክ መርዝ የጠጣ ሰው ነው። ይህንን ታሪክ በአማርኛ ግጥም የሰሙት ሰዎች ከሮም የመጣ ጦር ያቃጠላቸው፣ ከቅርብ ዓመታት በፊት ከበረሃ የተመለሱ ሰዎች ናቸው። ደራሲው ስለ ሩቅ ዘመን ጻፉ፤ ተመልካቹ ስለ ራሱ ሰማ። ኤስኪለስም በ490 ማራቶን ላይ የተዋጋ ወታደር ነበር። ፋርሳውያንን ሲያሳይ ከፊቱ የተቀመጡት ከስምንት ዓመት በፊት ሳላሚስ ላይ መርከብ የቀዘፉ ሰዎች ነበሩ። ልዩነቱ፣ ኤስኪለስ ጠላቱን ራሱን መድረክ አቁሞ አስለቀሰው፤ ከበደ ሚካኤል የጠላትን ጠላት አነሡ። ሁለቱም ግን ድንፋታ አልጻፉም።

የከበደ ሚካኤል ንግግሮች ረጃጅም ናቸው፣ እንቅስቃሴው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ለመድረክ አይመቹም የሚሉ አሉ። አልስማማም። የግሪኮቹም ንግግር ረጅም ነው፤ ግድያው ሁሉ የሚሆነው ከመድረክ ውጭ ነው፤ የሚወራው በመልእክተኛ ቃል ነው። ግጥም የሚሰማ ጆሮ ያለው ሕዝብ ረጅም ንግግር አይፈራም። ፉከራና ቀረርቶ፣ ሙሾና በላ ልበልሃ ያሳደጉት ተመልካች የሐኒባልን ስንኝ ተቀብሎ የሚመልስ ነው።

ከመንዝ ወደ መርሐቤቴ ለመሻገር ደጋውን ለቆ ወደ ሸለቆው መውረድ፣ ከዚያም ወደ ዓለም ከተማ መውጣት ይጠይቃል። በዚህ በኩል ባሉት ደብሮች፣ እንዲያውም በመላ የክርስቲያኑ አገር፣ የሶፎክለስ ትልቁ ታሪክ በሌላ ስም ይኖራል። በ429 አካባቢ የታየው ኤዲፐስ ንጉሥ፣ ሳያውቅ አባቱን የገደለ፣ እናቱን ያገባ ሰው ታሪክ ነው፤ መቅሠፍት ያመጣውን ወንጀለኛ ሲያድን ራሱን ያገኛል። በእኛ የቤተ ክርስቲያን ትረካ አባቱን ገድሎ እናቱን ያገባው ይሁዳ ነው። በሰሙነ ሕማማት ሲተረክ ያደገ ልጅ ኤዲፐስን ሲያነብ ነገሩ አዲስ አይሆንበትም። በገዳማቱ የመጻሕፍት ሣጥን ውስጥ ካሉት የግዕዝ ትርጉሞች መካከል የግሪካዊው ፈላስፋ የስክንድስ ታሪክም አለ፤ እናቱን ሊፈትን ብሎ ራሱን ሰውሮ የቀረበ፣ ማንነቱን ሲገልጥላት እሷ በኀፍረት ታንቃ የሞተች፣ እሱም ምላሱ ባመጣው ጥፋት ዕድሜ ልኩን ዝም ያለ ሰው ነው። ልዩነቱ ግን መዘንጋት የለበትም። ይሁዳ ከሐዲ ስለሆነ እናወግዘዋለን፤ ኤዲፐስ ግን ደግ ንጉሥ ነው፣ ሕዝቡን ይወዳል፣ እውነቱን ተዉኝ አላለም። ሶፎክለስ ለዚህ ሰው አለቀሰለት እንጂ አልፈረደበትም።

ራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው የመረጡት ታሪክም ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ነው። ዳዊትና ኦሪዮን የሰው ሚስት ወስዶ ባሏን ያስገደለ ንጉሥ ታሪክ ነው፤ ነቢዩ ናታን ፊቱ ቆሞ ይገሥጸዋል፤ ኤዲፐስ ፊት ዓይነ ስውሩ ነቢይ ቲሬስያስ እንደቆመው ማለት ነው። ይህ ተውኔት በንጉሠ ነገሥቱ ስም በተሠራ ቲያትር፣ በምረቃው ሰሞን ታየ፤ ደራሲውም በወቅቱ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። ባለሥልጣን ደራሲ በአቴናም ብርቅ አልነበረም፤ ሶፎክለስ የግምጃ ቤት ሹምም የጦር አዛዥም ሆኖ ያውቃል። የኃጢአተኛ ንጉሥን ታሪክ ንጉሥ በተቀመጠበት አዳራሽ ማሳየት ግን በየትም አገር ድፍረት ነው።

በሰያ ደብር በኩል ስንመለስ የምናገኛቸው ተክለ ሐዋርያት ከአድዋ ድል በኋላ ገና በልጅነታቸው ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ፣ በኋላም የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ዘፈንና ጭፈራ ቲያትር ተብሎ ሲታይ አይተው፣ ቲያትርስ እንዲህ አይደለም ብለው ከመቶ ዓመት በፊት ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያን ጻፉ። እንስሳት እየተናገሩ የሹማምንቱን ጉቦና ስንፍና ያጋልጣሉ። ምንጩ የላ ፎንቴን ተረት ነው፤ የላ ፎንቴንም ምንጭ ግሪካዊው ኤዞፕ ነው። አሪስቶፋኒስ ወፎችን፣ ተርቦችንና እንቁራሪቶችን ኮሮስ አድርጎ አቴናን ይተች ነበር፤ በኮሜዲው የተነሣም በኃይለኛው ፖለቲከኛ ክሌዮን ተከስሶ ያውቃል። ፋቡላም በቤተ መንግሥቱ ሳይወደድ ቀረ፣ ታገደ። ቲያትራችን በአፉ የመጀመሪያውን ቃል ሲያወጣ ነው የተቆጡት።

ተውኔት ካልታየና ካልተገለበጠ ይጠፋል። ኤስኪለስ ከ70 በላይ ጽፎ የቀሩት 7 ናቸው፤ ሶፎክለስ ከ120 በላይ ጽፎ እንዲሁ 7። ስለ ኢትዮጵያ የጻፏቸውም ጠፍተዋል። ከግብፅ ደቡብ ያለውን አገር ሁሉ ኢትዮጵያ ይሉ ነበርና፣ የኢትዮጵያን ንጉሥ ልጅ አንድሮሜዳን ዩሪፒደስ በ412 መድረክ አውጥቷት ነበር፤ ዛሬ ያለን ቁርጥራጭ ብቻ ነው።

ለዚህ ነው ይህን ቅኝት በልመና የምጨርሰው። አቴና ቲያትሯን በከተማው ብቻ አላስቀመጠችም፤ በየገጠሩ በዓል ይደረግ ነበር፤ ቶሪኮስ በምትባል የማዕድን ቀበሌ ዳገት ላይ ያለው የድንጋይ ቲያትር ከጥንታውያኑ አንዱ ነው። የኮሮሱን ወጪ የሚችለው የአገሩ ባለጸጋ ነበር፤ ይህም እንደ ግዴታም እንደ ክብርም ይቆጠርለት ነበር። የእኛ ታላላቅ ቲያትር ቤቶች ያሉት አዲስ አበባ ነው። መንዝ ግን ዳገት አያጣም፣ ድንጋይ አያጣም፤ ቤቱን ሳይቀር በድንጋይ የሚሠራ ሕዝብ ነው። ከጥምቀት በኋላ ምርቱ ገብቶ፣ አውድማው ባዶ ሆኖ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሰሞን ሐኒባልን ይዛችሁ መሐል ሜዳ ውጡ። ፋቡላን ሰያ ደብር አሳዩ። የመንዝ ተወላጅ ነጋዴዎችና ማኅበራት ሆይ፣ ወጪውን ቻሉ። ወጣት ደራስያንም የዘረትን ዋሻ ጻፉ፤ ያ ዘመን ያለፈባቸው ሽማግሌዎች ቁጥራቸው በየዓመቱ እያነሰ ነው።